ካርዱን ያደነቆረው መስመር

የፕሮግራመሯን ሥራ የሚያጸድቀው ገምጋሚ ከራሱ ኮምፒውተር የመቀስቀሻ መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ ላከ፤ ከፊቷ የተኛው ላፕቶፕ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ላም አለኝ በሰማይ!» አለ በንቀት። «እህቴ፣ እኔ ይህን ድራይቨር ስጽፍ አንቺ ገና ፊደል ትቆጥሪ ነበር። ዛሬ ካልነቃ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ፕሮግራመሯ ስድስት ወር የደከመችው ለዚህ ነበር፦ ኮምፒውተሩ ሲተኛ የዋይፋይ ካርዱ ብቻውን ነቅቶ እንዲያዳምጥ፣ ጥሪ ሲደርሰውም ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ። ላፕቶፑን በእጇ ቀስቅሳ ካርዱን የሚያዘውን ፕሮግራም፣ የድራይቨሩን፣ አሮጌ ፋይል ከፈተችና ለመኝታ የሚያዘጋጁትን ትእዛዞች አንድ በአንድ አነበበች። የመጨረሻው ትእዛዝ የካርዱን ኃይል ጨርሶ ይቆርጣል። ከጎኑ የጸሐፊው ስም ሰፍሯል።

«ጋሼ፣ ይህ መስመር የእርስዎ ነው። እኔ ካርዱን አዳምጥ እለዋለሁ፣ እርስዎ ኃይሉን ይቆርጡበታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።»

ፊቱ ደም መሰለ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ማንንም አልበደለም። አይነካም!»

ነካችው። መቀስቀስ ሲፈለግ ኃይሉ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ሁኔታ ጨመረችበት፣ የለውጡንም ማብራሪያ ከሥሩ ጻፈች፤ የተሻሻለውን ድራይቨር ጭናም ላፕቶፑን መልሳ አስተኛችው።

«አሁን ይላኩ።»

ላከ። ስክሪኑ ቦግ አለ።

ገምጋሚው የማጽደቂያውን ቁልፍ ዝንብ እንደሚገድል ሰው መታው።

«አጽድቄያለሁ። ስሕተቱ የማን እንደ ነበረ በማብራሪያው ጽፈሻል፤ ስሜን ከዚያ ሰርዢው።»

«አይነካም» አለችው፣ ላፕቶፑን እየከደነች።