ሌላኛው ክንድ

«ማንም አያውቅም ነበር እኮ» አሉ ለቅሶ የተቀመጡት ጡረተኛ ጎረቤት፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ከትሪው ላይ እያነሱ። «ግፊት እንዳለባት ማንም አያውቅም። እሷ ራሷም አታውቅም።»

ትሪውን የያዘችው ሴት ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ትሪው ባዶ ሲሆን ወጥ ቤት ገባችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። እሷ ታውቅ ነበር። ቁጥሩን ሳይቀር ታውቀዋለች፤ መቶ ሰማንያ በመቶ አስር።

ይህችን ሴት የሕንጻው ሰው ሁሉ «ተማሪዋ» ይላታል። የሁለት ልጆች እናት ናት። ጠዋት ዳቦ ቤት ካሸር ሆና ትሠራለች፣ ከሰዓት ልጆቿን ከትምህርት ቤት ሰብስባ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስጠናለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ቦርሳዋን አንግታ ነርሲንግ ልትማር ደረጃውን እየዘለለች ትወርዳለች። ስሙን ያወጡላት ለፌዝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ለምዶባት ቀረ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱ እንኳ አንዳንዴ ስልክ ሲደውል «ተማሪዋ የለችም?» ይላል።

የሟቿ ቅጽል ስም ደግሞ «ሬዲዮ» ነው። ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፣ አልተሳሳቱም። ስታጥብ ታወራለች፣ ስትቆርጥ ታወራለች፣ ማድረቂያው ሲጮኽባት ከማድረቂያው በላይ ጮኻ ታወራለች። የወደቀችውም እያወራች ነው። የአንዲት ሴትዮ ፀጉር እያጠበች ቀልድ ጀመረች፤ ዋናው ቦታ ሳትደርስ ውሃው እንደተከፈተ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ሆስፒታል ወሰዷት፣ አልነቃችም። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል፣ ምክንያቱ የደም ግፊት ነው አሉ። ሴትዮዋ ለቅሶ መጥታ ከሁሉም በላይ እያለቀሰች «ቀልዱን እንኳ ሳትጨርስልኝ» ትላለች። ተማሪዋ ቀልዱን ከነመጨረሻው ታውቀዋለች፤ ግን የሴትዮዋን ብርጭቆ ተቀብላ አለፈች።

ብርጭቆዎቹን ማጠብ ጀመረች። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ፣ ከሬዲዮ ሽርጥ አጠገብ፣ ቦርሳዋ ተሰቅሏል። ለቅሶ ከተቀመጡ ጀምሮ አልከፈተችውም።

ሬዲዮ የምትኖረው ሁሉም እማማ ከሚሏቸው እናቷ ጋር እዚሁ አንደኛ ፎቅ ላይ ነበር። ተማሪዋ አራተኛ ላይ ናት፤ አሳንሰር የለም። ማታ ማታ ሬዲዮ ከፀጉር ቤቱ ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ አራተኛ ትወጣለች፤ ተማሪዋ ከትምህርት እስክትመለስ ልጆቹን የምትጠብቀው እሷ ናት። ጠይቃት አልነበረም። አንድ ቀን ተማሪዋ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላዋን እየጎተተች ክፍል ልትገባ ስትወርድ ደረጃው ላይ አገኘቻትና «እነዚህ ደግሞ ምን ሊማሩ ነው?» ብላ ሁለቱንም ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ የሁልጊዜ ሥራዋ ሆነ።

የደም ግፊት አለካክ ትምህርት ሲጀመር ታካሚም ሆነችላት። በሩን ስትከፍትላት እያለከለከች «ዛሬ ምን ሆኜ ልምጣልሽ?» ትላለች። ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ሶፋው ላይ ትወድቃለች።

«ዛሬ ጉበቴ አኩርፎኛል። ካነጋገርኩት ሰንብቷል።»

«ጉበትሽን ተይውና ክንድሽን ስጪኝ። አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነው።»

ተማሪዋ በአንድ እጇ የትልቋን የቤት ሥራ እያረመች፣ በሌላው የክንድ ማሰሪያውን ትጠቀልላለች። ትንሹ ልጅ ወዲያው መጥቶ ሬዲዮ ላይ ይወጣል፣ አንገቷ ሥር ይወሸቃል። ተማሪዋ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ ጎማዋን ትጨምቃለች፣ አየሩን በቀስታ ታስተነፍሳለች።

«ዝም በይ፣ ልስማበት።»

«እኔ ዝም ካልኩማ በእርግጥም ታምሜያለሁ ማለት ነው።»

«መቶ ሰማንያ በመቶ አስር» አለች ተማሪዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለካት።

ሬዲዮ ሳቀች። «በዚህ ቁጥር ሰው ተገንዞ ነው የሚቀመጠው። እንደገና ለኪ።»

እንደገና ለካች። ያው ነው።

«አራት ፎቅ ወጥቼ፣ ይህን ድንች የመሰለ ልጅ ታቅፌ፣ እየለፈለፍኩ! ምን እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ? ገና አልለመድሽውም፣ ሂጂ ተማሪ።»

«መጽሐፉ ሁለቱንም ክንድ ለኩ ይላል። ሌላኛውን ስጪኝ።»

«ሌላኛው ሥራ ላይ ነው» አለች ሬዲዮ። እውነትም ነበር። ትንሹ በዚያኛው ክንዷ ላይ እንቅልፍ ይዞት ነበር።

በሌላ ቀንም፣ በሌላ ሳምንትም ቁጥሩ ከዚያ ብዙም አልወረደም። ተማሪዋ አፈረች። የክፍሏ ልጆች እርስ በርስ ሲለካኩ መቶ ሃያ፣ መቶ አስር ሲሉ ትሰማለች፤ ብዙዎቹ የልጅ እናት ሊሆኑ ቀርቶ ገና ከእናታቸው ቤት ያልወጡ ናቸው። አስተማሪዋን ሲስተርን ለብቻዋ አግኝታ ጠየቀቻት።

«ታካሚዋ ከመለካቷ በፊት አምስት ደቂቃ አርፋለች?» አለች ሲስተር።

«አላረፈችም።»

«ስትለኪያት ዝም ብላ ነበር?»

ተማሪዋ ሳቋ መጣ። «እሷ? በፍጹም።»

«እንግዲያው ምኑን ትጠይቂኛለሽ? አሳርፊያት፣ ዝም አሰኚያት፣ ሁለቱንም ክንድ ለኪና ያን ጊዜ ንገሪኝ።»

እሑድ በሥርዓቱ እለካታለሁ ብላ ወሰነች። እሑድ ግን የደንብ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ባሏ ከመንገድ መጣ። በሚቀጥለው ትልቋ ለትምህርት ቤት ከካርቶን ድልድይ መሥራት ነበረባት፤ ድልድዩ ደግሞ በተሠራ ቁጥር ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ተማሪዋ መጽሐፏ ላይ በግንባሯ ተደፍታ ተኛች፤ ሬዲዮ መጥታ ብርድ ልብስ አለበሰቻትና ልጆቹን ይዛ ወረደች። በዚህ ሁሉ መካከል አምስት ደቂቃ ጠፋች።

ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ሲል ያዘችው። ከኮሪደሩ የፀጉር ቤቱ ሴቶች በሹክሹክታ ሲያወሩ ይሰማታል።

«ራሴን፣ ራሴን ትል ነበር እኮ።»

«የቀለሙ ሽታ ነው አልናት። እኛንስ ያመን የለ?»

«መስኮት ክፈቺ አልኳት እኔማ። መስኮት!» አለች አንደኛዋ።

ትንሹ ልጅ በሩን ገፍቶ ገባና ቀሚሷን ያዘ። «ሬዲዮ ዛሬም አልመጣችም?» አለ። እህቱ ከኋላው ደርሳ «ነግሬዋለሁ፣ አይገባውም» አለችና ራሷ ማልቀስ ጀመረች። ተማሪዋ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። ከዚህ በኋላ ማታ ማን ይጠብቃቸዋል የሚለው ሐሳብ ሽው አለባትና በራሷ ተናደደች፤ ሰው ሞቶ እሷ የምታስበው ስለ ልጅ ጠባቂ ነው።

ባሏ የደወለው ያን ጊዜ ነው። ከጀርባው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«እንዴት ዋላችሁ? እማማስ?»

«ቁጭ ብለዋል። ትምህርቱን ትቼዋለሁ» አለችው በአንድ ትንፋሽ።

«ሰኞ ፈተና አለኝ አላልሽኝም?»

«አልፈተንም። ለማን ብዬ? ሰው እጄ ላይ እየሞተ በትክክል ለክቼ፣ ቁጥሩን አይቼ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ አውቶቡስ ያሳደድኩ ሴት ነኝ። ነገ ደግሞ የማን እናት ላይ ነው የምለማመደው?»

ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን ዳር አስይዞ መሆን አለበት።

«ለእማማ ነግረሻቸዋል?» አላት።

ክፍት የነበረውን ቧንቧ ዘጋች።

«አጥፍተሻል አላጠፋሽም፣ እኔ ምኑን አውቄ ልፍረድ። ግን ይሄን ሆድሽ ውስጥ ይዘሽ እዚያ ቤት ሻይ ማዞር አትችይም። እኔ አውቅሻለሁ፣ ያፍንሻል።»

«ዓይኔን ማየት ቢያስጠላቸውስ?»

«ያስጠላቸዋ» አለ። «ቢሆንም ይንገሯት እንጂ ሌላ ሰው አይንገራቸው።» ሲናደድ ቃላት ይምታቱበታል። «አንቺ ንገሪያቸው ማለቴ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ። ጡረተኛው ጎረቤት ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። የፀጉር ቤቱ ሴቶች ልጆቹን ይዘው ወደ ደጅ ወጥተዋል። እማማ መስኮቱ አጠገብ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ በግራ እጃቸው መሐረብ ጨብጠዋል፣ ዓይናቸው ግን ደርቋል። ተማሪዋ ዱካ ስባ ፊታቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«በልቻለሁ ልጄ፣ አታስጨንቁኝ።»

«የምግብ ነገር አይደለም።»

ነገረቻቸው። ቁጥሩን፣ ደረጃውን፣ ሳቁን፣ ሲስተር ያለቻትን፣ እሑዶቹን፣ የካርቶኑን ድልድይ ሳይቀር ነገረቻቸው። እንዳታለቅስ ብላ ቶሎ ቶሎ ነበር የምታወራው። እማማ መሐረቡን አየት አደረጉ።

«መቶ ሰማንያ» አሉ።

«በመቶ አስር።»

«አውቀዋለሁ።»

ተማሪዋ ቀና አለች። «ያውቁታል?»

«ማታ ስትወርድ ትነግረኝ የለም እንዴ። ‹ተማሪዋ ዛሬም ገደለችኝ እማ› ትልና ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን፣ ኧረ አንቺ ልጅ ሐኪም ቤት ሄደሽ ታዪ፣ የአባትሽም በሽታ ይኸው ነበር አልኳት። ‹ምን ወረፋ አስያዘኝ፣ ተማሪዋ ስትመረቅ ቤቴ ድረስ መጥታ ታክመኛለች› አለችኝ። እኔም እውነትሽን ነው ብዬ ተኛሁ።»

«ይቆጡኝ እማማ» አለች ተማሪዋ። አሁን እንባዋ አሸንፏታል።

«ልቆጣሽ አምሮኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ስትነግሪኝ ደሜ ፈላ። ግን አንቺን ስቆጣ እኔ የት ልቁም ነው? እኔም ሰምቼ ስቄያለሁ። እናቷ ነኝ።»

ጡረተኛው በእንቅልፋቸው አንድ ነገር አጉረመረሙና ዝም አሉ። ይህ ቤት በዚህ ሰዓት ጸጥ ብሎ አያውቅም ነበር፤ ሬዲዮ ብትኖር ኖሮ የተኙትን ሰውዬ አስመስላ ታስቅ ነበር።

«ያ ነገር አለ?» አሉ እማማ በመጨረሻ።

«የቱ?»

«የምትለኪበት።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ግን ትምህርቱን ትቼዋለሁ።»

«እኔ ስለ ትምህርቱ መች ጠየቅኩሽ? አምጪው።»

ከበሩ ጀርባ ቦርሳውን አወረደች። የሬዲዮ ሽርጥ አብሮ ወደቀ፤ አንስታ መልሳ ሰቀለችው። ስትመለስ እማማ ቀኝ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቋት። ተማሪዋ ጀርባቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፈች፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ አስተካከለች፣ ክንዳቸውን በትራስ ላይ አሳረፈች።

«አሁን አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን» አለች። «ሳናወራ።»

እማማ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ተማሪዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ ያጣቻት አምስት ደቂቃ ይህችው ናት። ስትኖር ምንም ሥራ የላትም፤ ቁጭ ብሎ ማሳለፍ ብቻ ነው። ከደጅ የልጆቹ ድምፅ ይመጣል። እማማ ቃል አልተነፈሱም፤ እንባቸው ግን በዚህ ዝምታ ውስጥ መንገዱን አገኘና በጉንጫቸው ወረደ። ተማሪዋ ልትጠርግላቸው ፈለገች፤ ክንዳቸው እንዳይነቃነቅ ብላ ተወችው።

ማሰሪያውን ጠቀለለች፣ ጎማዋን ጨመቀች፣ አየሩን በቀስታ ለቀቀች። ድምፁ ጥርት ብሎ ጀመረ፤ የሚያወራ ሰው የለ፣ የሚያለከልክ ሰው የለ። እስኪጠፋ ድረስ ሰማችው።

«መቶ ስልሳ አምስት በዘጠና አምስት» አለች። ገና አልለመድኩትም ይሆናል ልትል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰና መለሰችው። «ከፍ ያለ ነው እማማ። ነገ ጠዋት ዳቦ ቤቱን አስፈቅጄ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

«ነገ እኮ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል።»

«ይጠብቀናል።»

ተማሪዋ ማሰሪያውን ፈትታ ልትጠቀልለው ስትል እማማ እጇን ያዝ አደረጓት።

«መጽሐፉ ሁለቱንም ይል የለም እንዴ» አሉ። «ነግራኛለች።»

ከዚያ መሐረቡን ከግራ እጃቸው መስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩና፣ ጥቁሩን እጅጌ በዝግታ ወደ ላይ ሰብስበው ሌላኛውን ክንዳቸውን ትራሱ ላይ አስቀመጡላት።