ያለ እንብላ የተበላ ቤግል

የአውቶብስ ሹፌሯ ያን ቀን ጠዋት ገና ስትነሳ ደሟ ፈልቷል። ሦስት ቀን ብቻ ብሎ የመጣው ታላቅ ወንድሟ ሁለት ወር ሞላው። ሁለት ወር ሙሉ በገዛ ቤቷ አንድ ጠዋት እንኳ ቁርሷን ጠግባ በልታ አታውቅም።

በምን መሰላችሁ? «እንብላ» በምትባል አንዲት ቃል። ሰው ፊት ሲበላ እንብላ ይባላል፤ ያኛው ደግሞ ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት ይላል፤ በቃ፣ አለቀ። ወንድሟ ግን እንብላ ስትለው የምሩን ወንበር ስቦ ቁጭ። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹን ይወስድ ነበር፤ አሁን አሁን ሩቡን ይተውላታል።

ያን ጠዋት የቀረው አንድ ቤግል ብቻ ነው፣ ያ መሃሉ ቀዳዳ የሆነው ክብ ዳቦ። እሷ ደግሞ ከዚህ ከወጣች እስከ እኩለ ቀን ከመሪው አትላቀቅም። ቤግሉን ለሁለት ሰንጥቃ ቶስተር ውስጥ ከተተችው። ሙዝ ስትከትፍ ቢላው ጣውላው ላይ ጧ ጧ ሲል ታች ቤት ድረስ ይሰማል። ቤግሉ ቀላ ብሎ ሲወጣ ለስላሳ አይብ ዳር እስከ ዳር ለቀለቀችበት፣ ሙዙን ደረደረች፣ ከላዩ እንጆሪ፣ ከዚያ ማር ጠብ ጠብ። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ወንድሟ በፒጃማው መጣና እንደ ልማዱ ፍሪጁን ተደግፎ ቆመ። ቃሏን ነው የሚጠብቀው።

እሷ ጉንጯ እስኪወጠር ገመጠች። እንብላ ሳትል፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ጉሮሮውን ጠረገ። እንጆሪው የበሰለ ይመስላል አለ። ማኘኳን ቀጠለች። እናታቸው ብታያት ምን እንደምትላት ታውቃለች፤ ማወቋ ደግሞ ብሶ አናደዳት።

«ምነው እህቴ፣ እንብላም ቀረ?»

«ቀረ።»

«ታላቅሽ እዚህ ቆሞ? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?»

«ወንድም ጋሼ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»

ሁለት ወር በሆዷ ይዛው የነበረው ጥያቄ ይኸው ነው። ሲወጣ ከቤግሉ ላይ አንዷ እንጆሪ ተንሸራታ ዩኒፎርሟ ላይ ወደቀች። ወንድሟ የቀልዷን መስሎት ሳቀ፤ እንደማትስቅ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሸክም መሆኑን ማንም አልነገረውም፣ መናገር ትችል ነበር፣ ምን እንዳጠፋ እንኳ አያውቅም፣ ብቻ ብዙ አለ።

«ደግሞስ» አለ፣ «መች ጥሪኝ አልኩሽ? በየቀኑ እንብላ የምትዪው አንቺ።»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ነው ያንገበገባት። ስድሳ ጠዋት በገዛ አፏ ጠርታዋለች።

«ዛሬ አላልኩም» አለች። «ቀኑን ንገረኝ።»

«እሁድ።»

«የትኛው እሁድ?»

ጣሪያ ጣሪያውን አየ። እሷ ሁለተኛውን ግማሽ አነሳች። ረፍዶባታል፣ ተቆጣጣሪው የአውቶብሶቹ ማደሪያ ዴፖ በር ላይ የስም ዝርዝሩን ይዞ እየጠበቃት ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። ሙዙን አኘከች፣ እንጆሪውን አኘከች፣ ጠበቀች።

«የዚህ ሳምንቱ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ሳህኑ እያየ።

ማሩን ከጣቷ ላሰች። «ሳህኑን እጠበው» አለችውና ቁልፏን አንስታ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ ንዴቷ አልበረደላትም፤ ግን ጠግባለች።