ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ

ፅናት የላሊበላ አስጎብኚ ናት። ጣሊያንኛን ከእንግዶች አፍ ለቅማ ነው የተማረችው። በ2017 መጋቢት ለቋንቋ ትምህርት ሮም ስትሄድ የአሸተን ማርያሙ ካህን አባቷ ቄስ ምሥጋናው አልወደዱላትም። «ከካቶሊኮቹ አገር ምን ልትለቅሚ ነው?» አሏት።

በፋሲካ ማግስት የሮሙ ጳጳስ አረፉ። ፅናት ያየችውን ሁሉ በስልኳ ለአባቷ ጻፈችላቸው፤ ደወሉን፣ የሰዉን ለቅሶ፣ አስከሬኑን ለመሰናበት የተሰለፈውን ሕዝብ።

አባቷ እስከዚያ ቀን አንድም መልስ ልከው አያውቁም። አሁን ግን በብዕር የጻፉት ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ መጣ።

«ፍትሐት እንዴት ያደርጋሉ? አዲሱን የሚሾሙት በዕጣ ነው በምርጫ? ደግሞም ድሮ በእግር የሄዱ መነኮሳቶቻችን ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ማረፊያ ነበራቸው፤ ስሙ እስጢፋኖስ ነው። አለ ወይ? ጠይቂልኝ።»

በማግስቱ ፅናት ሰልፉ ውስጥ ቆማ ከፊቷ ያሉትን ሽማግሌ ስለ ማረፊያው ጠየቀች። ሮም ተወልደው ሮም ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሰምተውት አያውቁም። አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ ግን ወደ ትልቁ ጉልላት ጀርባ አመለከተ።

«አለ፤ ከቅጥሩ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያውያን ተማሪ ቤትም እዚያው ነው።»

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። «እኔ ሰማንያ ዓመት ኖሬ ያላወቅሁትን አንቺ በምን አወቅሽ?»

ፅናት ክፍል ውስጥ ስሕተት ፈርታ አፏን አትከፍትም ነበር። እዚህ ግን ሥራዋ መጣላት። መነኮሳቱ በኢየሩሳሌም በኩል እንዴት እንደመጡ፣ እዚያ ቤት ተቀምጠው ለአውሮፓ ሊቃውንት ግዕዝ እንዴት እንዳስተማሩ ተረከች። ከኋላ ያሉት ጠጋ ጠጋ አሉ። ሰልፉ ሲሄድ እሷም እየተናገረች፣ እነሱም እየተከተሏት ሄዱ።

«አስጎብኚ ነሽ እንዴ?» አለቻት አንዲት ሴት።

«አዎ» አለች ቀና ብላ፣ «የላሊበላ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ጳጳስ መመረጡን የሚያበስረው ነጭ ጭስ ወጣ። ፅናት አደባባዩ ላይ እንደቆመች ጻፈች፦ «አባባ፣ ዕጣ አይጥሉም። ተዘግተው በድምፅ ነው የሚመርጡት። የጠየቁኝ ቤትም አለ።» የሰልፉንም ነገር፣ የፍትሐቱንና የቀብሩንም በአጭሩ ጨመረችበት።

በማግስቱ አሸተን ማርያም ቅዳሴ ወጥቶ ካህናቱ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቄስ ምሥጋናው ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የየትኛው ጋዜጠኛ ጽሑፍ ነው?» አሉ መሪጌታ ሰውአገኝ።

«ምን ጋዜጠኛ! የልጄ ነው እንጂ፣ የፅናት!» ሲሉ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ተሰማ።

ማታውኑ ሌላ ወረቀት ላኩላት፦ «የቀብሩን ነገር አሳጥረሽብናል። ካህናቱ እየጠየቁኝ ነውና አስረዝመሽ ጻፊ።»