የደጃዝማቹ መኪና ክሮም

ደባርቅ አስተዳደር ግቢ ውስጥ አንዲት ጥቁር የጀርመን መኪና ቆማ ነበር። ባለቤቷ ደጃዝማች በአብዮቱ ዓመት ተረሽነዋል፤ መኪናቸው «የሰፊው ሕዝብ ንብረት» ተባለችና ሰፊው ሕዝብ ሳይደርስባት ዐሥር ክረምት ዘነበባት። የፊት ፍርግርጓ፣ ፓራውልቷ፣ በጎኗ የሚያልፈው ቀጭን ጌጥ፣ ክሮም የነበረው ሁሉ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ዝገት ወርሶታል።

በ1976 ዓ.ም. ነሐሴ፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲቃረብ፣ የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሰጠኝ ከጎንደር የሚመጣውን እንግዳ ከዳባት በዚህች መኪና ተቀብሎ ደባርቅ ሊያስገባው ወሰነ። በዚያ ክረምት ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር በልቶ ጨርሷል። ካድሬውን እንቅልፍ የነሣው ግን የመኪና ዝገት ነው!

ያስጠራው አንጥረኛውን ይግዛውን ነው። ይግዛው ቤተ እስራኤል ነው፤ ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የኖረ ሰው። አገሩ ሁሉ ማረሻውን ይገዛል፤ ዓይኑን ግን ይፈራል። ቡዳ ነው ይለዋል። ልጁ ታገኘ ወደ ሱዳን ሊሻገር ሲል አዲ አርቃይ ላይ ተይዞ ደባርቅ ታስሯል።

«ይቺ መኪና እንደ መስታወት ካበራች ልጅህ በበዓሉ ዕለት ይፈታል» አለው ጓድ ሰጠኝ። «ካላበራች ጎንደር ይሄዳል። ጎንደር ተወስዶ የተመለሰ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ጓድ በል! ጌታ የሚባል ቀርቷል።»

ጌታ ቀርቷል የሚለው ሰውዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሆዱን ነፍቶ ቆሞ ነበር፤ ልክ እንደ ደጃዝማቹ።

ይግዛው ማረሻ እንደሚያጸዳ ሁሉ አሸዋና አመድ ይዞ መኪናዋ ላይ ሊወርድባት ሲል የግቢው ሾፌር ላቀው ሮጦ መጣ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ሊያደርጉ ነው? ይሄ እኮ ማረሻ አይደለም! ክሮም ማለት ስስ ቆዳ ነው፤ በአሸዋ ከላጡት ብረቱ ገጥጦ ይቀራል።»

«ታዲያ በምን ላጽዳው ልጄ?»

«በሲጋራ ወረቀት። አስመራ ጋራዥ ሳለሁ ያየሁት ነው።»

ላቀው ከየመጠጥ ቤቱ ባዶ የሲጋራ ፓኬት ለቅሞ አመጣ። ከውስጡ ብርማውን ወረቀት አውጥተው ጨባበጡት፤ ውኃ እየነከሩ ዝገቱን ቀስ አድርገው ያሹት ጀመር። ዝገቱ ቡናማ ጭቃ እየሆነ ሲወርድ ከሥሩ ነጭ ብርሃን ብቅ አለ። ዝገት የበላው ጉድጓድ ግን አይሞላም። ይግዛው የቀለጠ ሰም እየቀባ ውኃ እንዳይገባበት ደፈነው።

አብረው ሠሩ። ላቀው ግን የሚጠጣ ውኃ ሲያቀብለው በተሸረፈ ቅል ነው እንጂ በራሱ ጣሳ አይደለም።

«ጋሼ፣ እኔን እንዳይበሉኝ አደራ! አጥንት ብቻ ነኝ» ይላል እየሳቀ።

«አንተን የበላ ጦሙን ያድራል» ይለዋል ይግዛው።

ጓድ ሰጠኝ በየስብሰባው ቡዳ የሚባል የለም፣ ፊውዳሎች ሠርቶ አዳሪውን ለመናቅ የፈጠሩት ተረት ነው እያለ ያስተምር ነበር። እውነቱን ነው። በዐሥር ዓመት ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነው፤ እሱንም አላመነበትም።

ላቀው ሞተሩን አስነሥቶ ሲያይ የራዲያተሩ ቱቦ ተሰነጣጥቋል። ለካድሬው ነገረው።

«ሕዝቡ የሚያየው ፊቷን ነው ሆዷን?» ብሎ አባረረው። ላቀው ቱቦውን በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረው።

መስከረም ሁለት ቀን ሰልፈኛው መንገዱን ሞላው። ይግዛው ከሚስቱ ከውቢት ጋር ልጃቸው የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ አጠገብ ቆመ። ውቢት ለልጇ ንጹሕ ሸሚዝ ይዛለች። መኪናዋ ከሩቅ እያብረቀረቀች ብቅ አለች፤ ሰው ሁሉ «አቤት!» አለ። ይግዛው የሚስቱን እጅ ያዘ።

ሰልፉ ፊት ስትደርስ በዚያ በሚያበራው ፍርግርግ እንፋሎት ፊሽ ብሎ ወጣ፤ መኪናዋ ተንፈራፍራ ቆመች። እንግዳው ወርዶ ጭቃ ረገጠ። ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው ሳቀ። እንግዳው ጓድ ሰጠኝን ቀና ብሎ አየው፤ ጓድ ሰጠኝ አመድ መሰለ።

«ምን ነካት?» ብሎ ላቀው ላይ አፈጠጠ።

ላቀው ያውቃል። ቱቦው ነው ቢል ለምን አላስጠገንክም ይባላል፤ ነግሬዎት ነበር ቢል ካድሬውን በእንግዳው ፊት ማጋለጥ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ብልሽት አሻጥር ይባል ነበር፤ ለአሻጥር ደግሞ ጥይት አይቸግርም። አንጥረኛውን ከመንገዱ ዳር አየው።

«ደህና ነበረች ጓድ» አለ። «እሱ ካያት ወዲህ ነው።»

ስለ ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም ጉሮሮው እስኪነቃ ያስተማረው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ፊቱን ሸፍኑት! እንዳያየኝ! ልጁን አውጡና ጫኑት!»

ሁለት ሚሊሻዎች ከይግዛው ኋላ መጥተው ጋቢውን ራሱ ላይ ጠመጠሙበት።

«ጓድ፣ አብርታለች እኮ! ይዩዋት እንጂ!» ይላል ይግዛው ከጋቢው ውስጥ። አብርታ ነበር። ማንም ግን ወደ መኪናዋ አላየም።

የጭነት መኪና ሞተር ተነሣ። «አባዬ!» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ወደ ድምፁ ሊዞር ሲል አንገቱን ጨምድደው ያዙት። ሞተሩ ወደ ዳባት አቅጣጫ እየራቀ ጠፋ።

ጋቢውን ሲያነሡለት መንገዱ ባዶ ነበር።

«እጁን አስረውታል?» ብሎ ውቢትን ጠየቃት። «ወደ እኛ አይቷል?»

ውቢት ጭቃው ላይ በግንባሯ ተደፍታ ነበር። እሷም አላየችም።