የዕቃ ቤቱ ኩርፊያ

ባዘዘውን የሰደበው ሐሚድ ነው። የረመዳን ዋዜማ፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት፣ ሸዋዬና ሌሎቹ ሰፊዎች መቀሳቸውን እንደያዙ እየሰሙ ነው የሰደበው። «ኮምፒውተር ከእርስዎ ይሻላል፤ ቢያንስ አያኮርፍም» አለው።

ሐሚድ ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ አርትስ ዲስትሪክት ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ለካዚኖና ለሬስቶራንት ሶፋ የሚሠራ ትንሽ ፋብሪካ አለው። ባዘዘው የዕቃ ቤቱ ሰው ነው፤ ስፖንጁም ሌዘሩም ክሩም የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ባዘዘው ካኮረፈ ስፖንጅ አይወጣም። አንዱ ሰላም ሳይለው ካለፈ «አልቋል» ይላል። ሰፊዎቹ ሸዋዬን አማላጅ ይልካሉ፤ እሷም «በሞቴ፣ ጋሼ» ትለዋለች፤ አልቋል የተባለው ስፖንጅ ይገኛል። የዚያን ማክሰኞ ግን ልመናው ሳያልቅ አንድ የካዚኖ ደንበኛ ሶፋው ዘገየብኝ ብሎ ትእዛዙን ሰረዘ።

ሐሚድም ትእዛዙን፣ ግዢውን፣ ዕቃውን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ሶፍትዌር ገዛ። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገችው የእህቱ ልጅ ፋይዛ ታብሌቷን ይዛ ዕቃ ቤት ገባች።

«ይሄስ የት ነው የሚቀመጠው?» ትላለች። ባዘዘው በአገጩ ያሳያታል፤ እሷ መደርደሪያው ላይ ምልክት ትለጥፋለች። ሊዋሻት አስቦ ነበር፤ ሰውነቱ ዛለበትና ተወው።

«ቴንክዩ ጋሼ፣ ኢዚ አደረግህልኝ» አለችው ስትጨርስ። «አንተ» አለችው፣ እንደ ሌሎቹ «እርስዎ» ሳትል። በዚያም ቂም ያዘባት።

ከዚያ ወዲያ ሰፊው ስልኩን ቼክ ያደርጋል፣ ገብቶ ያነሳል፣ ስካን አድርጎ ይወጣል። ባዘዘው አኮረፈ። ማንም አላወቀለትም። ሰላምታ ነሳቸው፤ የሚጠብቅ አልነበረም። ቂሙ እንኳ እንደ ድሮው አላቃጠለውም፤ ብዙ እንደተቀመጡበት እግር ደነዘዘበት።

አሮጌው አሠራር የቀረ ዕለት ሐሚድ ድፎ ዳቦ አስመጣ። አዲስ ነገር ያለ ምርቃት አይጀመር፤ በዕድሜ ደግሞ ባዘዘውን የሚበልጥ የለም። ሐሚድ በገዛ ጋራዡ ሲጀምር የመጀመሪያዋን ስፌት ማሽን የመረቀም እሱው ነበር። ሰፊዎቹ ማሽን አጥፍተው ተሰበሰቡ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይመርቁልን» አለ ሐሚድ። «ወሎዬ አይደሉ? አፍዎ ያውቅበታል።»

«ከመደርደሪያው ስካን አድርገን እናውርድዎ እንዴ?» አለች ሸዋዬ። ሳቁ።

ሐሚድ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኔ ተናድጄ ነው። ዛሬ ይመርቁንና ያለፈው ይለፍ። ሥራዎ አይነካም፤ ከኋላ በር ሆነው የሚገባውን ዕቃ ይረከባሉ።»

ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ። ፋይዛም ታብሌቷን ብብቷ ሥር ወትፋ ዘረጋች። የቀረው አፉን መክፈት ብቻ ነበር። ምርቃቱ አልጠፋውም፤ «እጃችሁ ይባረክ፣ የነካችሁት ይለምልም» የሚለው ምላሱ ላይ ቆሟል። ከረመዳን ዋዜማው ስድብ ጀምሮ ሲያብሰለስለው የከረመው መልስም እዚያው ነበር፦ ኮምፒውተራችሁ ይመርቃችሁ። ሁለቱንም አገላብጦ አያቸው። የትኛውም የሱ አልመስል አለው።

የዳቦው እንፋሎት እየጠፋ ነው። አንዲት ሰፊ ክንዷ ዝሎ እጇን አወረደች።

ባዘዘው ቆቡን ከሚስማሩ ላይ አንስቶ አጠለቀ፤ ወደ በሩም ዞረ።

«ጋሼ» አለ ሐሚድ ከኋላው፣ «ደግሞ አኮረፉ?»

ባዘዘው በሩን ከፍቶ፣ በፀሐይ የጋለውን ፓርኪንግ አቋርጦ ሄደ።