አንድ ደረሰኝ ቀረኝ

ፀጉር ሰሪዋ ችኩል ባትሆን ኖሮ ነገሩ ደም ሳይፈስበት ያልቅ ነበር።

ከተፋቱ ወዲህ የቀድሞ ባሏ «የሳሎኑን ዕቃ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ዘርፋኛለች» ብሎ ፖሊስ ጋ ከሷታል። ተሽከርካሪ ወንበሮቹ፣ ፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ፣ ማጠቢያው፣ የእንፋሎት ማሽኑ ሁሉም በኢንተርኔት ታዘው የመጡ ናቸው፤ ያዘዘችውም የከፈለችውም እሷ። የሱ ድርሻ ካርቶኑ ሲከፈት አጠገቡ ቆሞ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ማለት ነበር። አብራት የምትሠራው ታናሽ እህቷ ሚጣ «ሊቀመንበሩ» የሚል ስም ያወጣችለት በዚህ የተነሳ ነው። መርማሪው ግን ወሬ የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም። «ደረሰኝ ያመጣ ዕቃውን ይወስዳል» አለና ፋይሉን ከደነው።

ደረሰኞቹ ያሉት ዕቃዎቹን ባዘዘችበት የገበያ ድረ ገጽ ላይ፣ በስሟ በተከፈተው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን ስትከፍት ስልኳ ተሰብሮ ስለነበር የባሏን ቁጥር አስገባች፤ ሰው ትዳር ውስጥ ሆኖ ለዚህ ይጨነቃል? አሁን ከስልኳ ልግባ ስትል ማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ለሱ ሆነ። አካውንቱ ሳይዘጋ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ሙዚቃ የሚያጫውቱበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ላፕቶፑን ከፈተች። «ትዕዛዞቼ» የሚለውን ስትጫን የወጣው ሁለት ሻምፑ ብቻ ነው። «ሌላውን አጥፍቶታል!» ብላ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተችው። ከዚያ ከላይ «ያለፉት ሦስት ወራት» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አየች፤ ገጹ ለካ የሚያሳየው የቅርብ የቅርቡን ነው። ሳሎኑን ወደከፈተችበት ዓመት መለሰችው። ወንበሩም፣ ካስኩም፣ ሁሉም ከነፎቶው ግር ብሎ መጣ።

ያኔ ዝም ብላ ደረሰኞቹን ማስቀመጥ ነበረባት። እሷ ግን ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

«አንተ ሊቀመንበር! ደረሰኞቹ እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ፊቴ ተዘርግተዋል። እያንዳንዱ ላይ ስሜ አለበት። አሁን ምን ይውጥህ?»

ሰውየው ስልኩን ዘጋባት።

«ነገርሽው?» አለች ሚጣ፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች። «እታለም፣ አብደሻል እንዴ? ቤቱ እኮ እዚህ ማዶ ነው!»

«ይምጣ! ምን ያመጣል?»

መዶሻ አመጣ።

የሳሎኑ በር ወደ ውጭ የሚከፈት ላሜራ ነው፤ የውስጥ መወርወሪያው ከተገነጠለ ቆይቷል። ሚጣ በሩን ስባ የላሜራውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨመደደች፤ እግሯን መቃኑ ላይ ተከለች። ሊቀመንበሩ ከውጭ እጀታውን ይጎትታል።

«ልቀቂ፣ አንቺ ትንኝ!»

«ቀጠሮ አስይዘሃል?» አለችው ሚጣ እያለከለከች።

ፀጉር ሰሪዋ ላፕቶፑ ላይ ፍላሽ ዲስክ ሰክታ ጀመረች። ትዕዛዙን መክፈት፣ «ደረሰኝ» የሚለውን መጫን፣ ፒዲኤፍ አድርጎ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ። ኔትዎርኩ ይንፏቀቃል። ወንበሮቹ ገቡ። ካስኮቹ ገቡ። ማጠቢያው ላይ ስትደርስ መዶሻው ከውጭ፣ በክፍተቱ ብቅ ብለው ጠርዙን በጨበጡት የሚጣ ጣቶች ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት የተሰበረ ያህል ተሰማ።

«እጄን! እታለም፣ እጄን!»

«ያዢው! ትንሽ ነው!»

ማጠቢያው ገባ።

«ልልቀቀው? ልልቀቀው ወይ?»

«አትልቀቂ አልኩሽ! አንድ ቀረኝ!»

ዞራ አላየቻትም። የቀረው የእንፋሎት ማሽኑ፣ ከሁሉ ውዱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። መዶሻው እንደገና ወረደ። ሚጣ ጮኸች። ሦስተኛውም ወረደ፤ አልለቀቀችም። «ተቀምጧል» የሚለው ቃል ብቅ እንዳለ ፀጉር ሰሪዋ ፍላሹን መንጭቃ ጉንጯ ውስጥ ወተፈችው። በሩም ተበረገደ።

ሊቀመንበሩ ደጃፉ ላይ የወደቀችውን ሚጣን ተራምዷት ገባ። የመጀመሪያውን ምት ለላፕቶፑ ሰጠው። ስክሪኑ ደቀቀ፤ ፊደሎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«እስቲ አሁን ምን ይውጥህ በይኛ!» ብሎ በቡጢ አፏን አላት።

ደም አፏን ሞላው። አልተፋችም፤ ፍላሹ አለ። እጇ ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን መቀስ ጨብጣ ጭኑ ውስጥ እስከ ቀለበቱ ሰደደችው። እንደ በሬ አጓራ። ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከመስተዋቱ ጋር አላተመው፤ መስተዋቱ ተሰነጠቀ፤ ደግሞ አላተመው፤ ረገፈ። መዶሻውን ወደ ላይ ሲያነሳ ጎረቤታቸው በያጁ፣ የብየዳ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ዘሎ ገባና ከኋላ አንቆ ወለሉ ላይ ደፋው። ጀርባው ላይ ቁጭ አለበት።

«ንቅንቅ በልና ከወለሉ ጋር ነው የምበይድህ!»

ፀጉር ሰሪዋ መዳፏ ላይ ተፋች። ፍላሹ ወጣ፤ ከአንድ ጥርስ ጋር።

በማግስቱ መርማሪው ፒዲኤፎቹን አንድ በአንድ ከፈታቸው። በያንዳንዱ ላይ ስሟን አነበበ፤ እስከ እንፋሎት ማሽኑ። ሊቀመንበሩ ጭኑ በፋሻ ታስሮ፣ እሱም ታስሮ ውስጥ ነው። ዕቃው የሷ ሆነ። ግንባሯ ላይ ስፌት እንዳለ ከጣቢያው በቀጥታ ሆስፒታል ሄደች።

ሚጣ አልጋው ላይ ተደግፋለች። ቀኝ እጇ ተጠቅልሎ ጭንቅላት አክሏል። ሐኪሙ ሁለት ጣቶቿን ቆርጧቸዋል፤ ሦስተኛው ከእንግዲህ አይታጠፍም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወደ ሳሎኑ የሚመጣው ደግሞ ሚጣ ትጎንጉነኝ ብሎ ነው።

«ፍላሹ ተከፈተ?»

«ሁሉም። ዕቃው የኛ ነው።»

«ማሽኑም?»

«ማሽኑም።»

ሚጣ የተጠቀለለውን እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች።

«በመጀመሪያው ምት ልቀቂ ብትዪኝ አንዷ ጣት ነበረች የምትሄደው፣ እታለም።»

ፀጉር ሰሪዋ የብርድ ልብሱን ጫፍ አስተካከለች፤ የተስተካከለ ነበር።

«መስተዋት አስገጥሜ ሰኞ እከፍታለሁ» አለች።

«ክፈቺ» አለች ሚጣ። «ጎንጓኝ ቅጠሪና።»