አባቴ ምንም አልጠየቀም

አባቴ ካንሰር እንደያዘው የተነገረው ለእሱ ሳይሆን ለታላቅ ወንድሜ ለቴፔይ ነበር። በዚያን ጊዜ ደንቡ ይኸው ነው፤ ሐኪም ክፉውን ወሬ ለበኩር ልጅ ያቀብላል፣ ታማሚው "የጨጓራ ቁስል ነው" ተብሎ ይተኛል።

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነበር። ሆስፒታል ከተኛ ጀምሮ የሚያወራው ከባሕሩ ማዶ ሳዶ ደሴት ስላለችው ታላቅ እህቱ ስለ ፉሳኤ ብቻ ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። "በረዶው ሲቀልጥ ሄጄ አያታለሁ" ይላል። እስከዚያ እንደማይቆይ እኔና ቴፔይ እናውቃለን።

"ጋሼ፣ ንገረውና አሁኑኑ ሄዶ ይያት" አልኩት ቴፔይን።

"ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ አባት መግደል እንድትማሪ ነው?"

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ዶክተር ሚኩሪያ ሽማግሌ ናቸው፤ ከወንበራቸው በላይ "ሕክምና የርኅራኄ ጥበብ ነው" የሚል የአባታቸው የብሩሽ ጽሑፍ ተሰቅሏል።

"እውነት መናገርስ ርኅራኄ አይደለም?" አልኳቸው ወደ ጽሑፉ እየጠቆምኩ።

አልተቆጡም። "አባትሽ ከጠየቁኝ አልዋሽም። ሳይጠይቁኝ ግን በራቸውን ገንጥዬ አልገባም።"

በማግስቱ ከነርሷ ጋር መጥተው አባቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጡ። "አቶ ቶኩዞ፣ የሚጠይቁኝ ነገር አለ? ምንም ይሁን ምን እመልሳለሁ።"

አባቴ እሳቸውን አየ። ከዚያ አንገቱን የደፋውን ቴፔይን ብዙ አየው።

"አለ እንጂ! ሾርባችሁ ጨው የለውም። አብሳዩ ከባሕር ጋር ተጣልቷል እንዴ?"

ነርሷ ሳቀች። ዶክተሩ አልሳቁም፤ ዝቅ ብለው እጅ ነሱና ወጡ። አባቴ ማወቁ ያኔ ገባኝ። ከጠየቀ ልጁ ውሸታም ይሆንበታል። አሁኑኑ እህቱ ዘንድ እንሂድ ቢልም ማወቁ ይገለጣል፤ ያው ነው።

እሷ ትምጣ ብዬ ሳዶ ደወልኩ።

"በዚህ ማዕበል፣ በዚህ ዕድሜዬ ብመጣ ልሰናበተው እንደመጣሁ ያውቃል" አለች አክስቴ።

"አክስቴ፣ አውቆታል እኮ!"

"አውቆ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝና ዝምታውን አፈርስበታለሁ? በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ በይው።"

ለአባቴ ነገርኩት። "ጥሩ፣ እንግዲያው እጠብቃታለሁ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የካቲት ሳያልቅ ሞተ። አክስቴ በማግስቱ ባሕሩ እየተናወጠ ተሻግራ መጣች። ከነእርጥብ ካፖርቷ ተንበርክካ ፊቱን የሸፈነውን ነጭ ጨርቅ ገለጠች።

"ቶኩ፣ እንዴት ከሳህ" አለችው።